የሥራ መሣሪያን ስለ ማደስና በሥራ ቦታ ስለ መረዳዳት



የጎጃም ገበሬ ክረምቱ ሳይገባ ማረሻውን ወደ ባለ እጅ ወስዶ ያስስላል፤ ሞፈሩንና ቀንበሩንም ይመረምራል። ዝናሙ ከጣለ በኋላ ሞፈር ቢሰበር የሚባክነው ጊዜ እንደማይመለስ ያውቃልና። የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚጽፍ ሰውም እንዲሁ መሣሪያ አለው። ፕሮግራሙ የሚጻፍበት ቋንቋ፣ ጽሑፉ የሚዘጋጅበትና የሚፈተንበት ሶፍትዌር፣ ሌሎች ጽፈውት እኛ የምንገለገልበት ሥራ ሁሉ መሣሪያ ነው። እኔም በደብረ ማርቆስ ይህንኑ ትምህርት የምከታተል ተማሪ እንደ መሆኔ፣ ስለ መሣሪያ አያያዝ የተረዳሁትን በአጭሩ ለመግለጽ እወዳለሁ።

ብረት ይዶለድማል፤ በጽሑፍ የተሠራ መሣሪያ ግን ምን ያስረጀዋል? ይህን ብዙ ሰው ይጠይቃል። ምክንያቱ ሦስት ነው።

አንደኛ፣ የተደበቀ ጉድለቱ ከጊዜ በኋላ ይታወቃል። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ ላይ የተገኘን አንድ ቀዳዳ የሚደፍን ማስተካከያ መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. አወጣ። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ግንቦት 4 ቀን ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዚያው ቀዳዳ ገብቶ፣ በ150 አገሮች ከ200,000 የሚበልጡ ኮምፒዩተሮችን ያዘ። በእንግሊዝ አገር የብዙ ሆስፒታሎች ሥራ ተስተጓጐለ። መድኃኒቱ አስቀድሞ ተሠርቶ ነበር፤ ጉዳቱ የደረሰው ማስተካከያውን ባልተቀበሉት ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ ባልንጀሮቹ ይለወጣሉ። ፓይተን የተባለው ቋንቋ 3ኛው እትም ኅዳር 2001 ዓ.ም. ወጣ፤ የ2ኛው እትም ድጋፍ ደግሞ ታኅሣሥ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. አበቃ። በ2ኛው እትም ፕሪንት የሚለው ትእዛዝ ያለ ቅንፍ ይጻፍ ነበር፤ በ3ኛው ግን ያለ ቅንፍ ቢጻፍ ኮምፒዩተሩ ስሕተት ነው ብሎ ይመልሰዋል። ስለዚህ ከአሮጌ መጽሐፍ የሚማር ልጅ ትምህርቱን በሚገባ ቢያጠናም ሥራው እምቢ ይለዋል።

ሦስተኛው ምክንያት የራሳችንን ፊደል የሚመለከት ነው። ቀድሞ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ለየፊደሉ የሚሰጡት ቍጥር የተለያየ ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት ትርጕም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዐት ውስጥ ገባ። በዚያም አልቆመም፤ መስከረም 2014 ዓ.ም. በወጣው 14ኛው እትም ለጉራጊኛ የሚያገለግሉ 28 ፊደላት ተጨመሩ። እነዚህ የሌሉበት አሮጌ መሣሪያ በፊደላቱ ፈንታ ባዶ ሣጥን ያሳያል። መሣሪያውን አለማደስ የወገንን ጽሑፍ አለማንበብ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ አዲስ ነገር ሁሉ በወጣበት ቀን ይጫን ማለቴ አይደለም። የጥበቃ ማስተካከያ ሳይዘገይ ይግባ፤ ትልቅ የእትም ለውጥ ግን ዝግጅት ይሻል። በመጀመሪያ የምንሠራበትን እትም ቍጥር በመዝገብ መጻፍ፤ ቀጥሎ የሥራችንን ቅጂ ለይቶ ማስቀመጥ፤ ከአዲሱ እትም ጋር የሚወጣውን መግለጫ ማንበብ፤ ከዚያም አንዱን ብቻ አድሶ መፈተን፤ ደኅና ከሆነ ወደ ሌላው ማለፍ ነው። አምስቱን ባንድ ጊዜ ያደሰ ሰው ብልሽት ሲመጣ ከየትኛው እንደ መጣ ለይቶ ለማወቅ ይቸግረዋል። ኢንተርኔት በማይበቃበት ስፍራም አንድ ሰው ከባለቤቱ ድረ ገጽ አውርዶ በንጹሕ ፍላሽ ለሁሉ ቢያካፍል ወጪው ይቀላል።

ይህ ሁሉ ዘዴ ግን ሰዎቹ እርስ በርስ የሚፈራሩ ከሆነ ከንቱ ነው። ያደሰው ሰው ብልሽት በመጣ ቍጥር የሚሰደብ ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ ማንም ደፍሮ አይነካውም፤ መሣሪያውም እንዳረጀ ይቀራል። የሐርቫርዷ መምህርት ኤሚ ኤድመንድሰን የሆስፒታል ሠራተኞችን ቡድኖች ሲያጠኑ፣ በመልካም ሁኔታ የሚመሩት ቡድኖች ብዙ ስሕተት ሲያስመዘግቡ አገኙ። የነገሩ ምሥጢር እነዚያ ከሌሎቹ ይበልጥ የሚሳሳቱ መሆናቸው ሳይሆን፣ ስሕተቱን ሳይፈሩ የሚናገሩ መሆናቸው ነበር። ያልተነገረ ስሕተት አይታረምምና።

ይህ ለእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። በጎጃም ቅኔ ቤት ተማሪው የቈጠረውን አዲስ ቅኔ በመምህሩ ፊት ይናገራል፤ መምህሩም የጐደለውን ያቃናለታል። ሳይናገር ቢቀር ኖሮ ከነጕድለቱ በቀረ ነበር። በወንፈልም ዛሬ የአንዱ እርሻ ይታረሳል፤ ነገ የሌላው።

ስለዚህ በክበባችንም ሆነ ወደፊት በምንገባበት መሥሪያ ቤት ሦስት ነገር ብናስለምድ እጅግ ይጠቅመናል። መሣሪያ የማደሱ ተራ በየወሩ ለአንድ ሰው ይሰጥ፤ አጠገቡም አዲስ ገቢ ተቀምጦ ይማር። ብልሽት ሲደርስ «ማን አደረገው?» ከማለት በፊት «እንዴት ሆነ?» ተብሎ ይጠየቅ፤ መልሱም በመዝገቡ ይጻፍ። የጀማሪ ጥያቄም ሳይሣቅበት መልስ ያግኝ። ወላጆችና መምህራን ደግሞ ኮምፒዩተር ሲገዛልን፣ በየጊዜው የሚታደስበትም ወጪ አብሮ ቢታሰብልን፣ ዕቃው ለታናናሾቻችንም ጭምር የሚያገለግል ይሆናል።