የሌለ ፕሪንተር የሚጠሩ ኮምፒዩተሮች

በክፍል ውስጥ የኔትዎርክ ጥያቄ ሲወጣልን አብዛኛውን ጊዜ "ኔትዎርኩ ለምን አልሠራም?" የሚል ነው። በአፓረንትሺፕ ወቅት የገጠመኝ ግን ተቃራኒው ነበር፤ ሁሉም ነገር ይሠራል፣ ሆኖም ማንም ያላዘዘው ትራፊክ ይወጣል። በዚህ ጽሑፍ ምክንያቱ እንዴት እንደተገኘ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

መሥሪያ ቤቱ አዲስ ፋየርዎል ካስገባ ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው። በዚያው ሰሞን የውስጥ አድራሻዎቹ በ192.168.1 ከሚጀምሩት በ10.10 ወደሚጀምሩት ተቀይረዋል። የፋየርዎሉ መዝገብ ሲታይ ሦስት ኮምፒዩተሮች ቀኑን ሙሉ ወደ 192.168.1.50፣ በዩዲፒ ፖርት 161፣ ፓኬት ይልካሉ፤ ፋየርዎሉም ይከለክላቸዋል። ሰው ባይነካቸውም፣ ከተከፈቱ በቃ ይልካሉ። የአይቲ ኃላፊው "ይሄማ ቫይረስ ነው፣ ሦስቱንም ፎርማት እናድርጋቸው" አሉ። ከሦስቱ አንዱ የመዝገብ ቤቱ ነው። የገቢና ወጪ ደብዳቤ መመዝገቢያው ያለው እሱ ላይ ብቻ ሲሆን ባክአፕ የሚባል ነገር የለም። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ "ልጄ፣ የኔን እንኳ ለነገ አቆዩልኝ" ሲሉኝ፣ ኃላፊውን "ጋሼ፣ አንድ ቀን ይስጡኝ" ብዬ ለመንኩ። እሺ አሉ።

የኃላፊው ጥርጣሬ መሠረት አልነበረውም ማለት አይደለም። ፖርት 161 የኤስኤንኤምፒ ነው። ይህ ፕሮቶኮል የኔትዎርክ ዕቃዎችን ሁኔታ ከሩቅ ለመጠየቅ የሚያገለግል ሲሆን፣ የመጀመሪያው እትሙ እ.ኤ.አ. በ1990 በአርኤፍሲ 1157 ተደንግጓል። እንደ ይለፍ ቃል የሚያገለግለው ቃል ሳይቀየር ከቀረ ብዙ ጊዜ "ፐብሊክ" የሚለው ነው፤ እሱም ሳይመሰጠር በግልጽ ይጓዛል። ስለዚህ ያልተጠበቁ ዕቃዎችን የሚያስስ ፕሮግራም በዚህ በር ቢያንኳኳ አይገርምም። ነገር ግን የሚያስስ ሰው ብዙ በር ነው የሚያንኳኳ። የእኛዎቹ ሦስቱም የሚጠሩት አንድ አድራሻ ብቻ ነበር። ይህቺን ልብ በሉልኝ።

ቀጥሎ ፓኬቱን ከፍቶ ማንበብ ነው። ስዊች ባለበት ኔትዎርክ ከሌላ ኮምፒዩተር ሆኖ ይህን ማዳመጥ በተለመደው ሁኔታ አይቻልም፤ ስዊቹ ፓኬቱን ለሚመለከተው መስመር ብቻ ነው የሚሰጠው። በመሆኑም ዋየርሻርክን (እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ኢቴሪያል ይባል የነበረውን) መዝገብ ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ራሱ ጫንኩትና ፖርት 161ን ብቻ እንዲያሳየኝ አደረግሁ። ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም 1.3.6.1.2.1.25.3 ብለው ይጀምራሉ። ቁጥሩ ሲያዩት ያስፈራል እንጂ እንደ ቤት አድራሻ ከሰፊው ወደ ጠባቡ የሚወርድ ነው። 25 ላይ ሲደርስ ስለ ኮምፒዩተርና ተያያዥ ዕቃዎች ሁኔታ የሚጠይቀው ክፍል ነው። 3 ደግሞ ዕቃዎቹ። ከዚያ የሚቀጥለው 2.1.5 "ዕቃው ይሠራል ወይ?" ማለት ነው። 5.1.1 "ፕሪንተሩ ሥራ ፈት ነው? እያተመ ነው? እየሞቀ ነው?" ይላል። 5.1.2 ደግሞ ስህተቶቹን ይጠይቃል፦ ወረቀት አልቋል? ቶነር አንሷል? ክዳኑ ተከፍቷል? ወረቀት ተቀርቅሯል?

እንግዲህ ቶነር አንሷል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ቫይረስ እኔ አላውቅም።

ሠራተኛዋን "እትዬ፣ ድሮ በኔትዎርክ የምታትሙበት ፕሪንተር ነበር?" ብዬ ስጠይቃቸው "አዎ፣ ተበላሽቶ ዕቃ ግምጃ ቤት ገባ እኮ" አሉኝ። ፕሪንተሩ ይሂድ እንጂ ቅንብሩ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ቀርቷል። የፕሪንተሩ ንብረቶች ውስጥ "ፖርትስ" የሚለውን ስከፍት 192.168.1.50 ተጽፏል፤ "ኤስኤንኤምፒ ስታተስ" የሚለውም ምልክት ተደርጎበታል።

ታዲያ እስካሁን ለምን አልታየም? የዚህ መልስ ከሁሉም በላይ የሚያስተምር ይመስለኛል። ኮምፒዩተር ፓኬት ከመላኩ በፊት መድረሻው የራሱ ሰፈር መሆን አለመሆኑን በሰብኔት ማስክ ያመዛዝናል። አድራሻው ሳይቀየር በፊት 192.168.1.50 ሰፈርተኛ ነበር። ስለዚህ ፕሪንተሩ ከተነሣ በኋላ ኮምፒዩተሩ "ይህ አድራሻ የማን ነው?" ብሎ በኤአርፒ እዚያው ይጣራል፤ መልስ ስለማያገኝ ጥያቄው ከሰፈር አይወጣም። አድራሻው ወደ 10.10 ሲቀየር ግን ያው ቁጥር እንግዳ ሆነ። እንግዳ አድራሻ ደግሞ ወደ ጌትዌይ ይላካል። ጌትዌዩ ፋየርዎሉ ነው፤ እሱም መዘገበው። አሮጌ ነገር አዲስ መስሎ የታየው ለዚህ ነው።

ግምት ብቻ እንዳይሆን "ፕሪንት ስፑለር" የሚባለውን ሰርቪስ አቆምኩት። ጥያቄውም ቆመ። መልሼ ሳስነሣው መልሶ ጀመረ። ኃላፊው አጠገቤ ቆመው ሁለቴ አስደገሙኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ፎርማት ቢደረግ ኖሮ ትራፊኩ በእርግጥም ይጠፋ ነበር፤ የፕሪንተሩ ቅንብር አብሮ ይሰረዛላ! ሁሉም ሰው "ቫይረሱ ሞተ" ይል ነበር፤ የደብዳቤ መመዝገቢያውም በከንቱ ይሄድ ነበር።

ማስተካከያው አጭር ነው። መጀመሪያ ፕሪንተሩን መሰረዝ፤ ቀጥሎ በ"ፕሪንት ሰርቨር ፕሮፐርቲስ" ውስጥ ገብቶ ፖርቱንም መሰረዝ። ዊንዶውስ ፕሪንተሩ ሲሰረዝ ፖርቱን አብሮ አያነሣውም፤ ፕሪንተሩ እያለ ፖርቱን ልሰርዝ ቢሉት ደግሞ በሥራ ላይ ነው ብሎ እምቢ ይላል። ፕሪንተሩ በቦታው ኖሮ ለኤስኤንኤምፒ የማይመልስ ከሆነ ግን ምልክቱን ማንሣት ይበቃል፤ እያተመ "ኦፍላይን" ነው የሚባል ፕሪንተርም ብዙ ጊዜ በዚሁ ይድናል።

በማግስቱ መዝገቡ ላይ ሦስቱ አልነበሩም። አራተኛ ግን ብቅ አለ፤ የአንድ ሠራተኛ ላፕቶፕ፣ ወደ 192.168.0 የሚጠራ። እሱ ቤታቸው ያለ፣ በደህና የሚሠራ ፕሪንተር ስለሆነ አልነካነውም። እንደ 192.168 ያሉት የግል አድራሻዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው አርኤፍሲ 1918 መሠረት፣ ወደ ኢንተርኔት መውጣት የለባቸውም። ስለዚህ ኃላፊው ፋየርዎሉ ላይ ወደ እነዚህ አድራሻዎች በፖርት 161 የሚወጣውን ሳይመዘግብ የሚጥል ትእዛዝ ጻፉ።