«የእኔ አይደለም»፦ የቅንጦት መኪና ባለቤትነትን ከሥራ ባልደረባና ከዘመድ የመደበቅ ልማድና ወሰኑ በአዲስ አበባ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ይህ አጭር ጽሑፍ በአዲስ አበባ በደመወዝ የሚተዳደር ሰው የቅንጦት መኪና ባለቤት መሆኑን ከሥራ ባልደረቦቹና ከዘመዶቹ ሲደብቅ ምን እንደሚያድንና ምን እንደሚያጣ ይመረምራል። ምንጮቹ የታተሙ ጥናቶች፣ በሥራ ላይ ያሉ ሕጎችና በከተማዋ የታወቁ ልማዶች ናቸው፤ አዲስ የመስክ መረጃ አልተሰበሰበም። ጽሑፉ መደበቅን የሚወልዱ ሁለት የተለያዩ ፍርሃቶች እንዳሉ ያመለክታል፤ እነርሱም የምቀኝነት ፍርሃትና የጥያቄ ፍርሃት ናቸው። የመጀመሪያው በመሥሪያ ቤት፣ ሁለተኛው በዘመድ ዘንድ ያይላል። ከባልደረባ ዘንድ ዝም ማለት ተገቢ ሊሆን ይችላል። ከቅርብ ዘመድ መደበቅ ግን በአብዛኛው «አይሆንም» ለማለት ያለመቻል ምትክ በመሆኑ፣ ከሚያድነው የሚያፈርሰው ይበልጣል።

ቁልፍ ቃላት፦ ይሉኝታ፣ ምቀኝነት፣ ምስጢር፣ የቅንጦት ፍጆታ፣ የዝምድና ግዴታ

1. መግቢያ

ሀብት ሁሉ እኩል አይታይም። የባንክ ደብተር ከመሳቢያ አይወጣም፤ የአክሲዮን ድርሻ በወረቀት ላይ ይኖራል፤ በሩቅ ሰፈር የተሠራ ቤትም ባለቤቱ ካልተናገረ በቀር ለመሥሪያ ቤቱ ሰው አይታወቅም። መኪና ግን ከደጅ ይቆማል። ለረጅም ዘመን በሥራ ላይ የቆየው የሰሌዳ ሥርዓትም የማን ዓይነት ንብረት እንደሆነ ይናገራል። በሰማያዊ ቀለም የተጻፈው ኮድ 2 የግል፣ በጥቁር የተጻፈው ኮድ 4 የመንግሥት መሆኑን የከተማዋ ነዋሪ ማንንም ሳይጠይቅ ያነባል።

በኢትዮጵያ የመኪና ዋጋ በፋብሪካው ዋጋ ብቻ አይወሰንም። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሏል። በጥር 2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። ስለዚህ በሌላ አገር የመካከለኛ ኑሮ መገልገያ የሆነ መኪና በእኛ ዘንድ የዓመታት ጥሪት ማከማቻ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥም «የቅንጦት መኪና» የሚባለው ላንድ ክሩዘር ወይም መርሴዲስ ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱ እንደሚያገኝ በሚታወቀው ደመወዝ ዋጋው ለተመልካች ሊገለጥ የማይችል መኪና ሁሉ ነው። የማኅበራዊው ችግር መነሻም ይኸው በደመወዙና በመኪናው መካከል የሚታየው ክፍተት ነው።

2. ማሳየትና መሸሸግ በንድፈ ሐሳብ

ቶርስታይን ቬብለን እ.ኤ.አ. በ1899 ባሳተመው ሥራው ሀብት ክብር የሚያስገኘው በመያዙ ብቻ ሳይሆን በመታየቱ መሆኑን አስረድቷል። በዚህ ሚዛን ሲታይ የተሸሸገ የቅንጦት መኪና ከራሱ ዓላማ ጋር የሚጋጭ ነገር ነው። ጆርጅ ዚመል ግን እ.ኤ.አ. በ1908 በታተመው ሶሲዮሎጂ በተሰኘው መጽሐፉ፣ ስለ ጌጥ የጻፈውን ሐተታ ያስገባው ስለ ምስጢር በሚናገረው ምዕራፍ ውስጥ ነው። የሁለቱ መቀራረብ አለምክንያት አይደለም፤ ጌጥም ምስጢርም ባለቤቱን ከሌሎች ይለያሉ፤ አንዱ በመታየት፣ ሌላው በመሸሸግ።

ለያዝነው ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመው አንትሮፖሎጂስቱ ጆርጅ ፎስተር እ.ኤ.አ. በ1972 ስለ ምቀኝነት ያቀረበው ትንተና ነው። ፎስተር አስቀድሞ በ1965 ባሳተመው ጽሑፍ፣ መልካም ነገር ሁሉ የተወሰነ ነው ብሎ በሚያምን ማኅበረሰብ ዘንድ የአንዱ ማግኘት የሌላው ማጣት ተደርጎ እንደሚታይ አመልክቶ ነበር። በኋለኛው ሥራው ደግሞ ምቀኝነትን የሚፈራ ሰው የሚከተላቸውን አራት መንገዶች በቅደም ተከተል አስቀምጧል፤ መደበቅ፣ መካድ፣ ለምልክት ያህል ማካፈልና በእውነት ማካፈል ናቸው። ሰው ከአንዱ ወደ ሚቀጥለው የሚሸጋገረው የፊተኛው ሳይበቃው ሲቀር ነው።

3. አራቱ መንገዶች በአዲስ አበባ

አራቱም መንገዶች በከተማችን የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው፣ መኪናውን ከመሥሪያ ቤት ራቅ አድርጎ አቁሞ ቀሪውን መንገድ በእግር መጨረስ ወይም መኪና እያለ በሰርቪስ መመላለስ ነው። ሁለተኛው መካድ ነው፤ «የእኔ አይደለም፣ የወንድሜ ነው» ወይም «ለጊዜው አደራ ተሰጥቶኝ ነው» የሚለው መልስ ለብዙዎች እንግዳ አይደለም። ሦስተኛው ግብዣ ነው። አዲስ መኪና የገዛ ሰው በባልደረቦቹ «አስመርቅ» ይባላል፤ አንድ ምሳ ወይም ክትፎ ጋብዞ «ይባርክልህ» የሚለውን ቃል ይቀበላል። አራተኛው መኪናውን ራሱን ማካፈል ነው፤ ባልደረባን ከመንገድ መጫን፣ ለዘመድ ሠርግ ማዋስ፣ ሕመምተኛ ሐኪም ቤት ማድረስ፣ ለቅሶ የሚሄዱ አረጋውያንን ማመላለስ።

ከእነዚህ ሁሉ መካድ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። የሚደብቅ ሰው ያልተጠየቀውን አይናገርም፤ የሚክድ ሰው ግን ተጠይቆ ሐሰት ይመልሳል። ዝምታን ኋላ «አልተጠየቅሁም» ብሎ ማስረዳት ይቻላል። ክህደት ግን ሊብሬው በታየ ቀን ባለቤቱን ሐሰተኛ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላም እውነት የተናገረበት ሌላ ጉዳይ ሁሉ አብሮ ይጠረጠራል።

4. የምቀኝነት ፍርሃት፦ በመሥሪያ ቤት

በባልደረቦች መካከል ያለው ግንኙነት በንጽጽር የተሞላ ነው። ደረጃው ይታወቃል፤ ደመወዙ ይገመታል፤ ዕድገቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፋል። ከዚህ ሥርዓት ውጭ የመጣ መኪና ንጽጽሩን ያናጋዋል። ንጽጽር በሰው ስሜት ላይ የሚያደርሰው ተጽዕኖ ግምት ብቻ አይደለም። ራይነር ቪንከልማን እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመው ጥናት፣ በስዊዘርላንድ ፌራሪና ፖርሽ በብዛት በሚገኙባቸው አካባቢዎች የሚኖሩ ሰዎች በራሳቸው ገቢ ያላቸው እርካታ ዝቅ ብሎ መገኘቱን አሳይቷል። ስቲቨን ጋርሲያና ባልደረቦቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች አዲስ ወዳጅ ለማፍራት የቅንጦት ዕቃ መያዝ ይረዳል ብለው ቢያስቡም፣ ወዳጅ ይሆናሉ ተብለው የታሰቡት ሰዎች ግን የሚመርጡት ያንን ምልክት ያላሳየውን መሆኑን አረጋግጠዋል። ባለመኪናው በመሥሪያ ቤት ዝምታን ቢመርጥ እንግዲህ ፍርሃቱ መሠረት የሌለው አይደለም።

ሆኖም በእኛ መሥሪያ ቤቶች ከምቀኝነት የሚከብድ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ጥርጣሬ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ገዛው?» ሳይሆን «ከየት አመጣው?» ነው። አንድ ምናባዊ ማሳያ እናቁም። የግዥ ክፍል ባለሙያ የሆነች ሴት፣ በውጭ አገር የሚኖር ወንድሟ በላከላት ገንዘብና ራሷ በዕቁብ ባጠራቀመችው መኪና ገዛች እንበል። ወሬ ፈርታ መኪናውን ከሁለት መንገድ በላይ ርቃ ታቆማለች። አንድ ቅዳሜ ባልደረባዋ መሪ እንደያዘች ያያታል። ሰኞ ጠዋት ወሬው ከእርሷ ቀድሞ ቢሮ ይገባል። ወንድ ብትሆን ጥያቄው «ከየት አመጣው?» በሆነ ነበር፤ ለእርሷ ግን «ማን ገዛላት?» የሚል ይጨመርበታል። መኪናውን በግልጽ ብታቆም ኖሮ ሐሜቱ አይቀርም ይሆናል፤ አሁን ግን መደበቋ ራሱ ማስረጃ ሆነባት። ንጹሕ ምንጭ ያለው ሀብት በመደበቁ ብቻ የተሰረቀ መልክ ይይዛል።

ስለዚህ በመሥሪያ ቤት ውስጥ ዝምታና መደበቅ ሊለዩ ይገባል። ስለ መኪናው ወሬ አለመጀመር፣ ዋጋውን አለመናገር፣ ግብዣውን በልክ ማድረግ ዝምታ ነው። መንገድ መቀየር፣ ሰሌዳ መሸፈን፣ ተጠይቆ መካድ ግን መደበቅ ነው። ዝምታ ባልደረባ የማያገባውን ጉዳይ ለራስ ይጠብቃል፤ መደበቅ ግን ባልደረባ እንዲያጣራው ይጋብዛል።

5. የጥያቄ ፍርሃት፦ በዘመድ ዘንድ

ዘመድ ከባልደረባ የሚለየው መጠየቅ መብቱ በመሆኑ ነው። አጎት የወንድሙን ልጅ ያስተማረው፣ እናት ለልጇ ጌጧን የሸጠችው፣ እኅት ከትምህርት ቀርታ ታናሿን ያሳደገችው፣ የአንዱ ማግኘት የሁሉም ማግኘት ይሆናል በሚል ያልተጻፈ ውል ነው። መኪና በደጅ ሲቆም ያ ውል የሚፈጸምበት ቀን የደረሰ ይመስላል። በጥር ሠርግ ሲበዛ የሙሽራ አጀብ መኪና ይፈለጋል፤ ሌሊት ሕመምተኛ ሲነሣ ስልኩ ወደ ባለመኪናው ይደወላል፤ ክፍለ አገር ለቅሶ ሲኖር አራት ሰው በአንድ ጊዜ ይጠይቃል። ነዳጁን ማን እንደሚሞላ፣ ግጭት ቢደርስ ወጪው የማን እንደሚሆን ግን አስቀድሞ የሚያነሣ የለም።

ከዘመድ የሚደበቅ ሀብት የእኛ ብቻ ልማድ አይደለም። ፓሜላ ጃኪዬላና ኦወን ኦዚየር እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ በምዕራብ ኬንያ ገጠር በተካሄደ ሙከራ፣ ዘመዶቻቸው በቦታው የተገኙ ሴቶች ያገኙትን ገንዘብ ከእነርሱ ለመሸሸግ ሲሉ አነስተኛ ትርፍ ያለውን ምርጫ ይወስዱ እንደነበር አሳይተዋል። ዣን ማሪ ባላንድና ባልደረቦቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 በካሜሩን የብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት ላይ ባደረጉት ጥናት፣ በቂ ቁጠባ እያላቸው የሚበደሩ ሰዎች መኖራቸውን አስተውለዋል። ምክንያቱ ብድሩ ዘመድ ለሚጠይቀው ሁሉ «እኔም ባለዕዳ ነኝ» ለማለት ማስረጃ ስለሚሆን ነው።

እነዚህ ጥናቶች አንድ የጋራ ነገር ያሳዩናል። ሰዎቹ ሀብታቸውን ሲሸሽጉ ዋጋ ይከፍላሉ፤ አንዱ ትርፍ ያጣል፤ ሌላው ወለድ ይከፍላል። ዋጋውን የሚከፍሉት ከዘመድ ጋር ያላቸውን ፍቅር ስለጠሉ አይደለም፤ ሲጠየቁ እንቢ ማለት ስለማይሆንላቸው ነው። በእኛ ቋንቋ ለዚህ አቅም ማጣት ስም አለው፤ ይሉኝታ ይባላል። ይሉኝታ የያዘው ሰው «ምን ይሉኛል?» እያለ የማይችለውን ይሰጣል፤ መስጠት ሲያቅተው ደግሞ ጥያቄው እንዳይመጣ ያለውን ይሸሽጋል። ስለዚህ ከዘመድ መደበቅ ሳይነገር የቀረ «አይሆንም» ነው።

ይህ ምትክ ግን ብዙ አያዘልቅም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና አንድ የሰፈር ልጅ፣ አንድ መካኒክ፣ አንድ የመኪና አጣቢ ወሬውን ያደርሰዋል። በዚያን ቀን ዘመድ የሚያዝነው መኪናውን ባለመዋሱ አይደለም። «ሳይነግረን» ይላል። የሚጎዳው በባዳ መቆጠሩ ነው። እንቢታ አንድ ጥያቄን ይመልሳል፤ ቅሬታውም ከዚያ ጥያቄ ጋር ሊያበቃ ይችላል። መደበቅ ግን ዝምድናውን ራሱን ይክዳል፤ የዚህ ቅሬታ ማብቂያው አይታወቅም።

6. ሕግ የሚለየው

ሕጉ በዚህ ጉዳይ ላይ ጠቃሚ መስመር ያሰምራል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን የመከበር መብት ይደነግጋል፤ ማንም ሰው ስለ ንብረቱ ለባልደረባው የመናገር ግዴታ የለበትም። ነገር ግን ሀብትን የማሳወቅና የማስመዝገብ አዋጅ ቁጥር 668/2002 የሚመለከታቸው ተሿሚዎች፣ ተመራጮችና የመንግሥት ሠራተኞች መኪናቸውን ለሚመዘግበው አካል ማሳወቅ አለባቸው። በአዲስ አበባ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ደግሞ፣ በጋብቻ ጊዜ የተገኘ ንብረት በአንደኛው ተጋቢ ስም ብቻ ቢመዘገብም የግሉ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ እንደሆነ ይገምታል።

ከዚህ የምንረዳው የማወቅ ጥያቄ እንደ ጠያቂው እንደሚለይ ነው። የትዳር ጓደኛና መዝጋቢው አካል የማወቅ መብት አላቸው። የቅርብ ዘመድ በሕግ የተጻፈ መብት ባይኖረውም፣ በመተጋገዝ ላይ የቆመ የሞራል ድርሻ አለው። ባልደረባ ያለው ጉጉት ነው። ለሦስቱ አንድ ዓይነት መልስ የሚሰጥ ሰው፣ ከአንዱ ዘንድ አብዝቶ ከሌላው ዘንድ አጉድሎ መናገሩ አይቀርም።

7. ማጠቃለያ

«መንገር ይሻላል ወይስ መደበቅ?» የሚለው ጥያቄ በዚህ መልክ ሲቀርብ መልስ የለውም፤ ምክንያቱም ከማን ዘንድና ከምን ፍርሃት የተነሣ እንደሆነ አይናገርም። በመሥሪያ ቤት ፍርሃቱ የምቀኝነትና የጥርጣሬ በመሆኑ መድኃኒቱ ልክ ነው፤ አለመኩራራት፣ አለመካድ፣ የሚመዘገበውን ማስመዝገብ። በዘመድ ዘንድ ግን ፍርሃቱ የጥያቄ በመሆኑ መኪናውን መሸሸግ ችግሩን ያዘገየዋል እንጂ አይፈታውም። የሚሻለው መኪናውን ማሳወቅና የአጠቃቀሙን ወሰን ከመጀመሪያው ቀን መናገር ነው። «ለሕመምና ለሐዘን በማንኛውም ሰዓት ደውሉልኝ፤ ለሠርግ ግን ሌላ ሰው እንዲነዳው አልሰጥም» ያለ ሰው ጥቂት ቀን ይታማ ይሆናል። ነገር ግን ዘመዶቹ ምን እንዳለውም፣ ምን እንደማይሆንለትም ያውቃሉ። ለእነርሱ ሲል መንገድ መቀየርም አያስፈልገውም።

ጉዳዩ በመስክ ጥናት ሊፈተሽ ይገባዋል። በተለይም ሁለት ነጥቦች ቃለ መጠይቅ ይጠብቃሉ፤ አንደኛው መኪና ያላቸው ሴቶች የሚደርስባቸው ጥርጣሬ ከወንዶች የሚለይበት መጠን፣ ሁለተኛው ባለመኪኖች አስቀድመው ወሰን ሲናገሩ ዘመዶቻቸው የሚቀበሉበት ሁኔታ ነው። በሁለቱም ቃለ መጠይቁ ከባለቤቶቹ ብቻ ሳይሆን፣ ሳይነገራቸው ከቀሩት ዘመዶችም ቢጀምር ይበልጥ ይጠቅማል።