የጋራ ውሃ፣ የማን ድምፅ? ሕግና ፖለቲካ በአርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ

መግቢያ

በደቡብ ወሎ ዞን፣ ከሐይቅ ከተማ ብዙም ሳይርቅ በተራሮች መካከል የሚገኘው አርዲቦ ሐይቅ ትርፍ ውሃውን ዝቅ ብሎ ወደሚገኘው ሎጎ ሐይቅ ይልካል። በዚህ አጭር የውሃ መስመር ላይ ለቤታቸው ውሃ የሚቀዱ፣ ከብት የሚያጠጡ፣ በመስኖ የሚያለሙና ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ኑሯቸውን መሥርተዋል። የሚካፈሉት አንድ ውሃ በመሆኑ አንዱ ሲያበዛ ለሌላው ይጎድላል። ስለዚህ ማን፣ መቼና ምን ያህል ይውሰድ የሚለው ጥያቄ የምሕንድስና ብቻ አይደለም፤ የሕግና የፖለቲካም ጥያቄ ነው።

ስለ ሕግና ፖለቲካ ግንኙነት ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚታሰቡት ታላላቅ ተቋማት ናቸው። በ2012 ዓ.ም. አገር አቀፉ ምርጫ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሲራዘም ጉዳዩ ለሕገ መንግሥት ትርጉም ቀርቦ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን ውሳኔ መስጠቱ የቅርብ ምሳሌ ነው። ይሁን እንጂ ግንኙነቱ በቀበሌና በመስኖ ቦይ ደረጃም በግልጽ ይታያል። ይህ ጽሑፍ በሕግ ድንጋጌዎች ንባብ ላይ ተመሥርቶ አንድ ነጥብ ያቀርባል፤ ሕጉ ውሃውን የሁሉም አድርጎታል፣ ስለ ውሃው የመወሰንን ድምፅ ግን ይበልጥ የሚሰጠው መሬት ለያዘው ነው። በዚህ ልዩነት ውስጥ የሚፈጠረውን ክፍተት የሚሞላው የአካባቢ ፖለቲካ ይሆናል።

ፖለቲካ ሕግን ሲቀርጽ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በውሃ አጠቃቀም ረገድ ለማኅበረሰቡ ቅድሚያ ቢሰጥም፣ በወራጅ ውሃ በመስኖ የመጠቀምን መብት ያያያዘው ውሃው ከሚያቋርጠው ወይም ከሚያዋስነው መሬት ባለቤትነት ጋር ነበር። ይህ አቀራረብ የዘመኑን የመሬት ሥሪት ያንጸባርቃል። የሰው መሬት ለሚያርስ ጭሰኛ፣ በማሳው ዳር የሚያልፈው ውሃ መብት ሆኖ የሚደርሰው በባለመሬቱ በኩል ነበር።

ይህን ሥሪት የለወጠው የፍርድ ቤት ክርክር ሳይሆን ፖለቲካ ነው። «መሬት ለአራሹ» የሚለው የተማሪዎች ጥያቄ፣ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረሃብና የ1966ቱ አብዮት ተደማምረው አዋጅ ቁጥር 31/1967ን አስከተሉ። አዋጁ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት በማድረጉ የባለመሬትነት መብት ሲሻር በዚያ ላይ የተንጠለጠለው የውሃ መብትም መሠረቱን አጣ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ መሆኑን ሲደነግግ፣ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992ም የአገሪቱ ውሃ ሁሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን አረጋገጠ። በዚህም በጎዳና ላይ የተነሣ ጥያቄ ከሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ በኋላ የሕገ መንግሥት አንቀጽ ሆኗል።

ሕግ ፖለቲካን ሲቀርጽ

ግንኙነቱ በተቃራኒው አቅጣጫም ይሠራል። አዋጅ ቁጥር 31/1967 መሬት ከማከፋፈል ባሻገር የገበሬ ማኅበራትን አቋቁሞ የመሬት ክርክር የማየት ሥልጣን ሰጣቸው። የዛሬው የገጠር ቀበሌ ሥሩ እዚያ ነው። በአማራ ክልልም በ1994 ዓ.ም. የተሻሻለው የክልሉ ሕገ መንግሥት ቀበሌን ምክር ቤት፣ አስተዳደርና ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ያለው የሥልጣን እርከን አድርጎታል። ስለሆነም ገበሬው ዛሬ የውሃ አቤቱታውን የሚያሰማበት መድረክ ራሱ የሕግ ፍሬ ነው።

ሕገ መንግሥቱም የዚህን መድረክ ይዘት ይወስናል። አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 እና አንቀጽ 92 ንዑስ አንቀጽ 3 ደግሞ ዜጎች በሚነካቸው ፕሮጀክትና የአካባቢ ፖሊሲ ላይ ሐሳባቸው የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋሉ። አርዲቦ በአንድ ክልል ውስጥ ያለ ሐይቅ በመሆኑ፣ በአንቀጽ 52 መሠረት የማስተዳደሩ ኃላፊነት በፌዴራል ሕግ ማዕቀፍ ውስጥ የክልሉ ነው። በእነዚህ ድንጋጌዎች የተነሣ አንድ ባለሥልጣን በሐይቁ ላይ ሥራ ሲያቅድ ነዋሪውን ማማከሩ በጎ ፈቃድ ሳይሆን ግዴታው ነው።

«ባህላዊ መስኖ» የሚለው ቃል

አዋጅ ቁጥር 197/1992 ውሃ ለመጠቀም በመርሕ ደረጃ ፈቃድ እንዲያስፈልግ ያደርጋል፤ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድን፣ ባህላዊ የከብት እርባታንና ባህላዊ መስኖን የመሳሰሉትን ግን ከፈቃድ ነፃ ያወጣል። ይህ ፍትሐዊ የፖለቲካ ምርጫ ነው። በግማሽ ሄክታር ማሳ ላይ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ማመልከቻ ጽፎ ቢሮ ለቢሮ እንዲመላለስ ማስገደድ፣ ጉልበት ያለውን ጠቅሞ አቅመ ቢሱን መጉዳት ይሆናል።

ችግሩ የሚመጣው መሣሪያው ሲለወጥ ነው። ባህላዊ መስኖ ሲባል የሚታሰበው በእጅ የተቆፈረ ቦይ፣ በተራ የሚደርስ ውሃና ተራውን የሚያስከብር «የውሃ አባት» ነው። በዚህ ሥርዓት ውሃው በራሱ ቁልቁለት ስለሚሄድ የሚወሰደው መጠን የተፈጥሮ ልክ አለው። በአማራ ክልል በብዙ ሐይቆችና ወንዞች ዳር የተስፋፋው አነስተኛ የሞተር ፓምፕ ግን ይህን ልክ ያነሣዋል። ፓምፕ ያለው ገበሬ ማሳው ትንሽ ስለሆነ «ባህላዊ» ነኝ ቢል የሚታመን ነው፤ መቶ ፓምፖች በአንድነት ሲሠሩ ግን ውጤቱ ከአንድ ትልቅ እርሻ አይለይም። ቃሉን በየዕለቱ የሚተረጉመው ዳኛ አይደለም። የግብርና ባለሙያው፣ የቀበሌ አስተዳዳሪውና ምርት እንዲጨምር የሚጠበቅበት የወረዳ ጽሕፈት ቤት ናቸው። ሕጉ ያልዘጋውን በር ፖለቲካው በፈለገው ስፋት ይከፍተዋል።

የሚያስከትለው አደጋ በአገራችን ታይቷል። በምሥራቅ ሐረርጌ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ሲሰጥ፣ በዙሪያው ለጫትና ለአትክልት ሲሳብበት፣ ደለልም ሲሞላው ቆይቶ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ደርቋል። ከዓመታት በኋላ ውሃ ተመልሶ ቢታይበትም፣ ከእጥረቱ የመጣው ጉዳት አስቀድሞ ደርሷል። በዚያ ሐይቅ ላይ እያንዳንዱ ተጠቃሚ የየድርሻውን ሲወስድ፣ የሐይቁን ጠቅላላ ልክ ማስጠበቅ የማንም የዕለት ሥራ አልነበረም።

የማኅበሩ ድምፅና የሐይቁ ድምፅ

ለዚህ ክፍተት ከተሰጡት መልሶች አንዱ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ነው። አዋጁ ገበሬዎች በጠቅላላ ጉባኤና በመረጡት አመራር ውሃቸውን ራሳቸው እንዲያስተዳድሩ ያስችላል፤ በዚህም ዴሞክራሲን ወደ ቦዩ ያወርዳል። ነገር ግን አባልነቱ የተመሠረተው በመስኖው ክልል ውስጥ መሬት በመጠቀም ላይ ነው። በአርዲቦ ዓይነት ሐይቅ ላይ ዓሣ አጥማጁ፣ መሬት ያልደረሰው ወጣት፣ እንስራ ተሸክማ የምትወርደው ሴትና በግርጌ ያለው የሎጎ አካባቢ ነዋሪ ከዚህ ጉባኤ ውጭ ይቀራሉ። ጉባኤው ድምፅ ሰጥቶ በትክክለኛ ሥነ ሥርዓት የሚያሳልፈው ውሳኔ የእነርሱን ድርሻ ሊቀንስ ይችላል። አብላጫ ድምፅ ፍትሐዊ የሚሆነው በውሳኔው የሚነካው ሰው ሁሉ ሲቆጠር ነው።

እርግጥ ነው፣ ከመደበኛው ሕግ ውጭም መንገድ አለ። በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በጋራ የሚያከብሩት የአባጋር ሽምግልና ብዙ ጠብ አብርዷል። ሽምግልና የተጣሉትን ያስታርቃል፤ በክረምቱ መግቢያ ሐይቁ ምን ያህል ውሃ ሊኖረው እንደሚገባ መወሰን ግን ከሥራው ውጭ ነው።

በዚህ ረገድ የደቡብ አፍሪካ የ1990 ዓ.ም. የውሃ ሕግ ጠቃሚ ንጽጽር ይሰጣል። የአፓርታይድ ሥርዓት ከወደቀ በኋላ የወጣው ይህ ሕግ ከመሬት ባለቤትነት ጋር የተሳሰረውን የውሃ መብት ሽሮ፣ ለሰው መሠረታዊ ፍላጎትና ለሥነ ምህዳሩ የሚበቃ ውሃ ከማናቸውም ድልድል በፊት ተለይቶ እንዲቀመጥ አድርጓል። የኢትዮጵያው አዋጅም የቤት ውስጥ ፍጆታን ያስቀድማል፤ ይህ ግን በተጠቃሚዎች መካከል የሚደረግ ቅደም ተከተል ነው። የደቡብ አፍሪካው ሕግ ከድልድሉ በፊት የማይነካ ልክ ያስቀምጣል።

ማጠቃለያ

የአርዲቦ ጉዳይ ሕግና ፖለቲካ አንዱ የሌላው ተቃራኒ አለመሆናቸውን ያሳያል። ፖለቲካ ውሃውን ከባለመሬቱ ወደ ሕዝቡ አሸጋገረ፤ ሕግ ይህን አጽንቶ ሕዝቡ የሚናገርበትን መድረክ አቆመ። የቀረው መድረኩን ከውሃው ባለቤቶች ቁጥር ጋር ማስተካከል ነው። ለዚህም ሦስት እርምጃዎች ሊታሰቡ ይገባል። በመጀመሪያ፣ ከፈቃድ ነፃ የሚሆነው አጠቃቀም በመሣሪያው ስም ሳይሆን በሚወሰደው ውሃ መጠን በመመሪያ ይለይ። በሁለተኛ ደረጃ፣ ስለ ሐይቁ የሚወስን ጉባኤ መሬት ለሌላቸውና በግርጌ ላሉ ተጠቃሚዎች ወንበር ይስጥ። በመጨረሻም፣ የሐይቁ ዝቅተኛ ልክ ከመስኖው ወቅት በፊት ተወስኖ በቀበሌው ምክር ቤት በይፋ ይነገር። ልኩ ታውቆ በአደባባይ ሲነገር፣ ውሃ የጎደለበት ሰው ማንን በምን መጠየቅ እንደሚችል ያውቃል።