አሳዛኝና አስደንጋጭ ልብ ወለዶችን ስለ ማንበብ

ተማሪዎች፣ በልብ ወለድ ድርሰት ውስጥ ደስ የሚያሰኝ ብቻ ሳይሆን የሚያሳዝን፣ የሚያስቆጣና የሚያስደነግጥ ታሪክም ይገኛል። እንዲህ ያለውን ድርሰት በሚገባ ለመረዳት አስቀድሞ መዘጋጀት ያስፈልጋል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ለምሳሌ እንውሰድ።

ሀ. ከንባብ በፊት

በመጀመሪያ ርእሱን አጢኑ። ደራሲው የታሪኩን ፍጻሜ አልደበቁም፤ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ወዴት እንደሚያመራ «እስከ መቃብር» የሚለው ሐረግ አስቀድሞ ይነግረናል። ቀጥሎም ዘመኑንና ቦታውን እወቁ። በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ በጎፋ ወይም በለቡ ሰፈር ላደገ ተማሪ የቀድሞው የጎጃም ባላባት ቤት እንግዳ ነው። ልጃገረድ ባሏን ራሷ እንዳትመርጥ የሚከለክለውን ሥርዐት ያልተረዳ አንባቢ የሰብለን መከራ አይረዳም።

ለ. በንባብ ጊዜ

የሚያስቆጣ ንግግር ሲያጋጥማችሁ «የ‹አለ› ባለቤት ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች አወዳድሩ፦

1. ሐዲስ ዓለማየሁ ሰው በዘሩ ይመዘን ይላሉ።
2. ፊታውራሪ መሸሻ ሰውን በዘሩ ይመዝናሉ፤ ደራሲው ግን ይህን ትዕቢት ያጋልጣሉ።

አንደኛው ስሕተት ነው፤ የገጸ ባሕርዩን አሳብ ለደራሲው ሰጥቷልና። ክፉ ሥራን መግለጽ ክፉ ሥራን ማመስገን አይደለም።

ሐ. ከንባብ በኋላ

ስለ በዛብህ ሞት አንብቦ ማዘን ድካም አይደለም፤ ድርሰቱ ወደ ልብ መድረሱን ያሳያል። ነገር ግን በቅርቡ ሐዘን የደረሰበት ተማሪ ንባቡ ከከበደው መጽሐፉን ለጊዜው አጥፎ ለመምህሩ ወይም ለወላጆቹ ይንገር። ባልንጀራችሁ ሲያለቅስ አትሳቁበት፤ እናንተ የማታውቁት ቁስል ሊኖረው ይችላልና።

መልመጃ

1. «መግለጽ» እና «ማመስገን» የሚሉትን ቃላት እያንዳንዳቸውን በዓረፍተ ነገር አስገቡ።
2. ካነበባችሁት ልብ ወለድ ውስጥ ያሳዘናችሁን አንድ ድርጊት መርጣችሁ፣ ድርጊቱ ለምን እንደ ደረሰ በአንድ አንቀጽ ጻፉ። «አሳዘነኝ» በማለት ብቻ አትወሰኑ፤ ምክንያቱን ከታሪኩ አውጥታችሁ አሳዩ።