የሰኔ በሬ ቀለብ

በደጋና በወይና ደጋ አገር በነሐሴና በመስከረም ከብት ጠግቦ ይውላል። ሜዳው ሁሉ ሣር ነው። ከጥር ወዲያ ግን ሜዳው ይራቆታል። በሚያዝያና በግንቦት ከብቱ አፈር እየላሰ ይውላል። ገበሬ በሬውን አጥብቆ የሚፈልገው ደግሞ ያን ጊዜ ነው። አጥንቱ የወጣ በሬ ቀንበር ቢጫንበት ጥቂት ትልም ሳይሄድ ይተኛል። እርሻ ከዘገየ ዘር ይዘገያል፤ ዘር ከዘገየ የዓመቱ እንጀራ ይጎድላል።

ታዲያ የግንቦቱ ቀለብ የት አለ ቢባል፣ ጥቅምት ሜዳ ላይ ነው። በጊዜው ታጭዶ፣ ደርቆ የተከመረ ሣር ድርቆሽ ይባላል።

ብዙ ሰው ሣር የሚያጭደው ኅዳርና ታኅሣሥ ከገባ በኋላ ነው። ምክንያት አለው፤ ሣሩ ይረዝማል፣ ክምሩም ትልቅ ይሆናል። ነገር ግን ክምር በዛ ማለት መኖ በዛ ማለት አይደለም። ሣር አብቦ ፍሬው ከረገፈ አገዳው እንጨት ይሆናል። የከብቱ ሆድ ይሞላል እንጂ ሥጋ አያወጣም። ማጭድ መግባት ያለበት ሣሩ ማበብ ሲጀምር ነው። ይህም በብዙ ቦታ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ነው። ዝናቡ ገና ካልወጣ ጥቂት ቀን መጠበቅ ግድ ነው፤ የታጨደ ሣር ዝናብ ከመታው ይበላሻል።

አጨዳው ጤዛ ከረገፈ በኋላ ይሁን። ሣሩ ሳሳ ተደርጎ ይሰጣ፤ በቀን አንድ ሁለት ጊዜ በመንሽ ይገላበጥ። ፀሐይ ካለ በሦስት በአራት ቀን ይደርሳል። መድረሱን ለማወቅ አንድ ጭብጥ ወስዶ እንደ ገመድ መጠምዘዝ ነው። እርጥበት ካወጣ ገና ነው። ቅጠሉ ብን ብሎ ከረገፈ ደግሞ ፀሐይ በዝቶበታል፤ ደኅናው መኖ ያለው ቅጠሉ ላይ ነውና ያሳዝናል። ጥሩ ድርቆሽ አረንጓዴ መልኩን አይለቅም፤ ሽታውም ደስ ይላል። እርጥብ ሳለ የተከመረ ግን ይግላል፣ ይሻግታል። በተከመረ በሳምንቱ እጅን ወደ ውስጥ ሰዶ መዳሰስ ነው። ትኩስ ከሆነ ሳይውል ሳያድር በትኖ እንደገና ማድረቅ ያስፈልጋል።

ከክምሩ ሥር ድንጋይና እንጨት ይረብረብ፤ አናቱ ሾጥጦ ይከደን። ዙሪያው ቦይ ይቆፈር፣ በእሾህ ይታጠር።

ስንት ይበቃል? ሒሳቡን እንሥራ። አንድ ያገር በሬ በቀን 6 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይበላል እንበል። ከየካቲት እስከ ግንቦት 4 ወር፣ ማለት 120 ቀን ነው። 6 በ120 ሲባዛ 720 ኪሎ ይሆናል። ለጥንድ በሬ 1440 ኪሎ፣ ወይም 14 ኩንታል ከ40 ኪሎ ነው። አንድ ሸክም 30 ኪሎ ቢመዝን 48 ሸክም ማለት ነው። ተረግጦ የሚባክነው ሲታሰብ 55 ሸክም ቢሆን ይሻላል። ይህን ሁሉ በሣር መሙላት ለማይችል ሰው ጭድ አለ። የጤፍ ጭድ ከስንዴና ከገብስ ጭድ ይበልጣል፤ የምስርና የአተር ገለባ ከጤፉም ይበልጣል። እሱን አውድማ ላይ ለዝናብ መተው የበሬን ቀለብ መጣል ነው።

የሚታጨደው ሜዳ ግን በክረምት ከብት ካልተከለከለ ድርቆሽ የለም። ጭቃ ላይ የተሰማራ ከብት ከሚበላው የሚረግጠው ይበዛል። የወል ግጦሽ ከሆነ አንድ ሰው ብቻውን ሊከልለው አይችልም፤ መንደሩ መስማማት አለበት። አዲስ ነገር አይደለም። በመንዝ የጓሳን ሣር ቄሮ በሚባል ሥርዓት ለዓመታት ዘግተው አሳድገው፣ ሲደርስ ይከፍቱት ነበር።

መኖው ለሁሉም ከብት የማይደርስ ከሆነ ያረጀችውን ላም ሥጋ ሳላት፣ እስከ ገና ገበያ ድረስ መሸጥ ይበጃል። በግንቦት አጥንቷን በደኅና ዋጋ የሚገዛ የለም።

ከየካቲት ጀምሮ ጭዱ ይቅደም፤ ድርቆሹ ለሚያዝያና ለግንቦት ይቆይ። መጀመሪያ የሚያርሱት በሬዎች፣ ቀጥሎ የምትታለበው ላም ትብላ። ጭዱን የማይወድ ከብት ካለ ጥቂት ጨው በውሃ በጥብጦ ላዩ ላይ መርጨት ነው፤ ያን ጊዜ ይበላዋል።