ደምን ከዝገት ስለሚጠብቀው ኀይል

ብረት ዝናብ ሲመታው እንደሚዝግ፥ ተልጦ የቆየ ሙዝም እንደሚጠቁር ሁላችንም እናውቃለን። የሁለቱም ምክንያት ኦክሲጅን ነው። በየጊዜው የምንተነፍሰው ይኸው ጋዝ ምግባችንን አቃጥሎ ኀይል ሲሰጠን፥ እንደ እሳት ፍንጣሪ ያገኙትን ሁሉ የሚለበልቡ ቅንጣቶች በሰውነታችን ውስጥ ይፈጠራሉ። የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን «ፍሪ ራዲካል» ይሏቸዋል። ቅንጣቶቹ በዝተው መከላከያው ሲያንስ የሚደርሰውን ሁኔታ ደግሞ «ኦክሲዴቲቭ ስትሬስ» ይሉታል። እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ሰዎች ስለሆንን «የኦክሲጅን ጫና» ብንለው የሚቀየመን አንባቢ ያለ አይመስለንም።

ሎሚ የነካው ሙዝ ቶሎ አይጠቁርም። በየፋርማሲው የተደረደሩት የቫይታሚን ሲና የቫይታሚን ኢ ጠርሙሶች የሚሸጡት በዚህ ዓይነት አስተሳሰብ ነው፤ የሽፈራው ቅጠል ዱቄትም ሳይቀር «አንቲኦክሲዳንት» የሚል ማዕርግ ተሰጥቶታል። ሐሳቡ ቀላልና ደስ የሚያሰኝ ነው። ችግሩ ሰው ሙዝ አለመሆኑ ነው።

ይህ በፊንላንድ አገር በሰፊው ተፈትኗል። 29,133 ሲጋራ አጫሽ ወንዶች በዕጣ ተከፍለው፥ አንዳንዶቹ ቤታ ካሮቲን የተባለውን የካሮት ቀለም፥ አንዳንዶቹ ቫይታሚን ኢ፥ አንዳንዶቹ ሁለቱንም፥ የቀሩትም መድኀኒት የሌለበት ኪኒን ለዓመታት ዋጡ። ውጤቱ እ. ኤ. አ. በ1994 ሲታተም፥ ቤታ ካሮቲን በወሰዱት ላይ የሳንባ ነቀርሳ ካልወሰዱት በ18 ከመቶ በልጦ ተገኘ። ሊጠብቃቸው የታሰበው ኪኒን ጎዳቸው ማለት ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ሰውነት ራሱን በምን እንደሚጠብቅ ማወቅ ያስፈልጋል። ዋናው መከላከያ ከውጭ የሚመጣ ሳይሆን ሕዋሱ ራሱ የሚሠራቸው ኢንዛይሞች ናቸው። ከሁሉ ይልቅ ይህ በግልጽ የሚታየው በቀይ የደም ሕዋስ ላይ ነው። ይህ ሕዋስ ኦክሲጅን ተሸክሞ 120 ቀን ያህል ሲመላለስ ይኖራል፤ ኒውክለስ ስለሌለው ግን ያረጀ ኢንዛይሙን በአዲስ ሊተካ አይችልም። ከዝገት የሚጠብቀው ግሉታታዮን የተባለው ንጥረ ነገር ሲሆን፥ እርሱም በተጠቀመ ቁጥር መታደስ አለበት። ለእድሳቱ የሚሆነውን ኀይል ከስኳር የሚያወጣለት ኢንዛይም ጂ6ፒዲ ይባላል። ይህ ኢንዛይም የጎደለው ሰው በደኅናው ቀን ምንም አይሰማውም። የኦክሲጅን ጫና የሚያመጣ መድኀኒት የወሰደ ቀን ግን ቀይ ሕዋሶቹ ይፈርሳሉ፤ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፥ ሽንቱም እንደ ቡና ይጠቁራል።

ነገሩ መጀመሪያ የታወቀው በወባ መድኀኒት ምክንያት ነው። በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት በስቴትቪል ወኅኒ ቤት እስረኞች የወባ መድኀኒት ይሞከርባቸው ነበር (የዚህን ሥራ ፍትሐዊነት ለሕግ ፋኩልቲ እንተወዋለን)። ፕሪማኩዊን ከተሰጣቸው አንዳንዶቹ ደማቸው ስለ ፈረሰ፥ ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ሲፈልጉ ቆይተው እ. ኤ. አ. በ1956 የጂ6ፒዲን ጉድለት አገኙ። ባቄላም፥ በተለይ እሸቱ፥ በእነዚህ ሰዎች ላይ ያንኑ ጉዳት ያመጣል። ፓይታጎራስ ተከታዮቹን ባቄላ ከልክሏል የሚባለውን ብዙዎች ከዚህ ጋር ያያይዙታል፤ እኛ ግን ማስረጃው ቀጭን ነው እንላለን።

አሁን ወደ ጋምቤላ እንውረድ። ከደጋው ወርዶ ባሮን ተከትሎ የሚሄድ ሰው የሚያገኘው ቆላ ወባ የሚበረታበት ነው፤ ጥናቶችም የጂ6ፒዲ ጉድለት በዚያ ክልል ከሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ይበልጥ እንደሚገኝ አሳይተዋል። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። የወባ ተውሳክ በቀይ ሕዋስ ውስጥ ሲያድግ ራሱ የኦክሲጅን ጫና ይፈጥራልና፥ መከላከያው የደከመ ሕዋስ ለተውሳኩም አይመቸውም። ስለዚህ በወባ አገር ጉድለቱ ያለባቸው ብዙዎች በሕይወት ተርፈው ለልጆቻቸው አወረሱት። በሜዲትራኒያን ዳርቻና በእስያም እንዲሁ ነው። የአኝዋክ ወይም የኑዌር በሽታ እያሉ ማውራት እንግዲህ አለማወቅ ነው።

ቫይቫክስ የተባለው ወባ በጉበት ተደብቆ ይተኛና ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ እንደገና ይነሣል። የተኛውን ነቅሎ የሚያጠፋው ፕሪማኩዊን ሲሆን፥ የተለመደው ሕክምና 14 ቀን ይፈጃል። ኢታንግ ወይም አቦቦ ያለ አንድ ወጣት ሳይመረመር ይህን ቢጀምርና በሦስተኛው ቀን ሽንቱ ቢጠቁር፥ አንድም ደሙ አልቆ ለሞት ይቀርባል፥ አንድም ኪኒኑን ጥሎ ዳግመኛ ወደ ጤና ጣቢያ አይመለስም። እንዲህ ላለው ሰው የቫይታሚን ጠርሙስ ምን ይረዳዋል? የጎደለው ኢንዛይም ነውና በቫይታሚን አይተካም። እንዲያውም በብዛት በደም ሥር የተሰጠ ቫይታሚን ሲ ጉድለቱ ባለባቸው ሰዎች ላይ ደም ማፍረሱ በሐኪሞች ተመዝግቧል፤ መጠኑ ሲበዛ ጠባቂው ራሱ አጥቂ ይሆናል።

የሚረዳው ምርመራ ነው፤ ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም በደቂቃዎች ውስጥ የሚያልቅ ዓይነት አለ። ጉድለቱ የሚወረሰው ኤክስ በተባለው ክሮሞሶም ላይ ስለሆነ አንድ ኤክስ ብቻ ያለው ወንድ ይበልጥ ይጠቃል፤ ከፊል ጉድለት ያላቸውን ሴቶች ግን ቀላሉ ምርመራ ሊስታቸው ይችላል። ጉድለት የተገኘበትም ሰው መድኀኒቱን ፈጽሞ አይከለከልም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት አንድ ጊዜ ለ8 ሳምንት በሐኪም ክትትል እንዲወስደው መንገድ ሰጥቷል። ፋልሲፓረም ለተባለው ወባ የሚሰጠውን አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጥ አነስተኛ መጠንም ድርጅቱ ከ2012 (እ. ኤ. አ.) ጀምሮ ያለ ጂ6ፒዲ ምርመራ ፈቅዷል።

መመርመሪያው ባልደረሰበት ቦታ የሚቀረው ጥያቄ ነው፤ «ከዚህ በፊት መድኀኒት ወስደህ ሽንትህ ጠቁሮ ያውቃል? ከቤተ ሰብህስ እንዲህ የሆነ አለ?» ይህ ጥያቄ በአማርኛ ብቻ ከተጠየቀ ብዙ በሽተኛ ራሱን ነቅንቆ ዝም ይላል። በአኝዋክኛና በኑዌርኛ አስተካክሎ የሚጽፈው ሰው ደግሞ ኬሚስትሪ ባያውቅም፥ ቋንቋ የተማረ ይሁን እንጂ ይበቃል።