እንጉዳይ በጓሮ ጥላ

እንጉዳይ ለማልማት ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ አፈርና ስለ ማዳበሪያ ነው። እዚህ ለምናለማው ዓይነት ሁለቱም አያስፈልጉም። እንጉዳይ ቅጠል የለውም፤ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ መሥራት አይችልም። ተክል ሠርቶ የተወውን እንጨት፣ ጭድና ቅርፊት አብስብሶ ነው የሚኖረው። ስለዚህ በጓሮው ውስጥ ለጎመንም ለቆስጣም የማይሆነው ጥግ፣ ፀሐይ የማያገኘው የቤቱ ጀርባ ወይም ከኮባው ሥር ያለው ቀዝቃዛ ቦታ ለእንጉዳይ ምቹ ነው።

የምንበላው ክፍል ፍሬው ብቻ ነው። ዋናው አካል በጭዱ ውስጥ የሚሰራጨው ነጭ ክር ሲሆን ባለሙያዎች ማይሲሊየም ይሉታል። ይህ ክር ኢንዛይም ወደ ውጭ እያመነጨ ጭዱን እዚያው ባለበት ያፈርሰዋል፤ የተፈታውንም ምግብ ይመጠዋል። እንጨትን እንጨት የሚያደርገውን ሊግኒን የተባለውን ጠንካራ ነገር ሳይቀር ይሰባብራል። ይህን ማድረግ የሚችሉ ፍጥረታት ጥቂት ናቸው፤ ለቤት ልማት የምንመርጠው ኦይስተር የተባለው እንጉዳይ ከነሱ አንዱ ነው። ሪቻርድ ፋልክ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1917፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በተቆረጡ የዛፍ ጉቶዎች ላይ እንዴት እንደሚለማ ጽፎ ነበር። ሻምፒኞን የምንለው ክቡ ነጭ እንጉዳይ ግን በጥንቃቄ የተብላላ ፍግ፣ ከላዩ የሚለብስ አፈርና ብዙም የማይዋዥቅ ሙቀት ይፈልጋል። ለጀማሪ እሱን አልመክርም። ኦይስተር በጭድ ብቻ ይረካል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ ከአንድ ነገር ይመነጫል። ጭድ የእንጉዳዩ ብቻ ምግብ አይደለም፤ ሻጋታውም፣ ባክቴሪያውም፣ አየር ላይ የሚንሳፈፈው ብናኝ ሁሉ ይፈልገዋል። እንጉዳይ ማልማት እሽቅድምድም ነው፤ የእኛ ድርሻም የእንጉዳዩን ዘር ከሌሎቹ አስቀድሞ ማስነሳት ነው። ጭዱን የምናሞቀው ተወዳዳሪዎቹን ለማዳከም፣ ዘሩን የማንሰስተው የእንጉዳዩን መነሻ ለማብዛት፣ ውሃውን የምንመጥነው ደግሞ ባክቴሪያን ለመከልከል ነው። ይህን የተረዳ ሰው መመሪያ በቃሉ ባይዝ እንኳ ከተበላሸበት ጭድ ፊት ቆሞ ምክንያቱን መገመት ይችላል።

የጤፍ፣ የስንዴ ወይም የገብስ ጭድ ይሆናል። ወርቃማ መልኩን ያልለቀቀ፣ ዝናብ ያልመታው፣ ጥቁር ነጠብጣብና የሻጋታ ሽታ የሌለበትን ምረጡ። ረጅም ከሆነ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቆራርጡት፤ በሬ ያበራየው ጭድ ግን አስቀድሞ የደቀቀ ስለሆነ ይህን ድካም ይቀንሳል። 20 ሊትር ለሚይዝ አንድ ባለክዳን ባልዲ ወደ 2 ኪሎ ደረቅ ጭድ ይበቃል። ብዙዎች በላስቲክ ከረጢት ያለማሉ፤ እኔ ግን ለቤት ባልዲን እመርጣለሁ፤ ታጥቦ ደጋግሞ ያገለግላል፣ አይጥም በቀላሉ አይቀደውም። በጎኑ ዙሪያ በ15 ሴንቲ ሜትር ርቀት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው ቀዳዳዎች፣ በታችኛው ክፍል ደግሞ ውሃ የሚያንጠባጥቡ ሁለት ሦስት ቀዳዳዎች ይበሳሉ።

አሁን ወደ ማሞቁ። ጭዱን በጆንያ ቋጥራችሁ ውሃ በሞላ በርሜል ወይም ትልቅ ድስት ውስጥ ንከሩት፤ እንዳይንሳፈፍ ድንጋይ ጫኑበት። የሚፈለገው ሙቀት ከ65 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን፣ በዚያ ላይ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይቆያል። ቴርሞ ሜትር ብትገዙ ጥሩ ነው፤ ከሌለ ውሃው በደንብ እየተነነ፣ ከሥሩ ጥቃቅን አረፋ እየላከ፣ ነገር ግን ሳይፈላ እንዲቆይ እሳቱን መመጠን ነው። ለምን አናፈላውም? ግቡ ጭዱን ፍጹም ከሕይወት ባዶ ማድረግ አይደለም። በዚህ ሙቀት አብዛኛው ሻጋታ ሲሞት ሙቀት የሚችሉ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ይተርፋሉ። እነሱም እንጉዳዩን ብዙ አይጎዱም፤ ይልቁንም ቦታውን ይዘው አዲስ የሚመጣውን ሻጋታ ያስቸግሩታል። ፈጽሞ የጸዳ ጭድ በወጥ ቤት አየር ውስጥ ሲከፈት ግን ቀድሞ ለደረሰው ብናኝ ሁሉ ክፍት ማዕድ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ። ለጭዱ ይህ ምንም ችግር የለውም። ዘሩን ራሱን ቤት ውስጥ ላዘጋጅ ለሚል ግን ትልቅ ችግር ነው። የእንጉዳይ ዘር የሚዘጋጀው በማሽላ ወይም በስንዴ ላይ ሲሆን፣ እህሉ ፍጹም መጽዳት ስላለበት በግፊት እስከ 121 ዲግሪ መሞቅ አለበት፤ ተራ ድስት እዚያ አይደርስም። ስለዚህ ዘሩን ከሚያዘጋጁት ገዝቶ መጀመር ይሻላል።

ማገዶ ለተወደደበት ቤት ሌላ መንገድ አለ፤ እሱም ኖራ ነው። በ100 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ግማሽ ኪሎ ያህል የጠፋ ኖራ በጥብጣችሁ ጭዱን ከ12 እስከ 18 ሰዓት ብትነክሩት ኖራው ውሃውን እጅግ አልካላይን ስለሚያደርገው አብዛኛው ሻጋታ አይተርፍም። የእጅ ጓንት ግድ ነው፤ ዓይን ውስጥ እንዳይረጭም ተጠንቀቁ፣ ልጆችንም አርቁ። ጀሶ መልኩ ቢመሳሰልም ይህን ሥራ አይሠራም።

በየትኛውም መንገድ የተዘጋጀው ጭድ ይንጠፈጠፍ፣ ሙቀቱ እጅ ላይ እስከማይሰማም ይቀዝቅዝ፤ ትኩስ ጭድ ዘሩን ይገድለዋል። የውሃው ልክ የሚታወቀው በእጅ ነው። አንድ እፍኝ ጭድ አጥብቃችሁ ስትጨምቁ በጣቶቻችሁ መሃል ሁለት ሦስት ጠብታ ብቻ ከወጣ ተስተካክሏል። ውሃው ከወረደ ገና ነው፤ ጨርሶ ካልወጣ ደርቋል። ጀማሪዎችን ከሚያከስሩ ነገሮች ዋነኛው የበዛ ውሃ ነው፤ የባልዲው ሥር አየር ያጣና ይከረፋል።

ዘሩ ነጭ ክር የወረሰው፣ ደስ የሚል የእንጉዳይ ሽታ ያለው መሆን አለበት። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነገር ከታየበት፣ ወይም ከሆመጠጠ፣ በነጻም ቢሰጧችሁ አትቀበሉ። መጠኑ ከእርጥቡ ጭድ ክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው፤ 2 ኪሎ ደረቅ ጭድ ውሃ ሲጠጣ 6 ኪሎ ገደማ ስለሚሆን ከ300 እስከ 600 ግራም ዘር ይፈልጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ 10 በመቶው ተጠጉ። እጃችሁንና ባልዲውን በሳሙና ታጠቡ፤ ጠረጴዛውን በአልኮል ጥረጉ፤ መስኮቱን ዝጉ። አንድ ረድፍ ጭድ፣ አንድ ረድፍ ዘር እያደረጋችሁ፣ ጠቅጠቅ አድርጋችሁ ሙሉና ክዳኑን ግጠሙ።

እዚህ ላይ ስለ ቡና አተላ ልናገር፤ ሰው ሁሉ ይጠይቃልና። ከበረካው በኋላ ከጀበናው የሚወጣው አተላ በመፍላቱ ጸድቷል፣ ለእንጉዳዩም ምግብ ይሆናል። ነገር ግን ናይትሮጅኑ ብዙ ስለሆነ ሻጋታም ይወደዋል። በዚያው ቀን ከጭዱ ጋር አደባልቁት፤ ከድብልቁም ከአንድ አምስተኛ አይብለጥ። ሳምንቱን ሙሉ የተጠራቀመ አተላ ለኮምፖስት ይሁን።

ባልዲው ከ20 እስከ 28 ዲግሪ ሙቀት ባለው ክፍል ይቀመጣል፤ ሳይከፈት፣ ውሃም ሳይጠጣ። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ክሩ ጭዱን ይወርሰዋል፤ በቀዳዳዎቹ በኩል ሲታይ ነጭ ይሆናል። በኅዳርና በታኅሣሥ ደጋ ላይ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ጊዜው ሊረዝም ይችላል። አትቸኩሉ፣ እየከፈታችሁም አትዩ።

ነጩ ክር ከሞላ በኋላ ፍላጎቱ ይለወጣል፤ ብዙ ሰው የሚደናገረውም እዚህ ነው። እስካሁን የተዘጋ ቤት የወደደው አሁን አየር፣ እርጥበትና ብርሃን ይሻል። እንደ እኛው ኦክስጅን ይተነፍሳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። አየር በማይለዋወጥበት ቦታ ግንዱ ይረዝማል፣ ቆቡ ግን ትንሽ ሆኖ ይቀራል፤ ይህን ስታዩ ውሃ አትጨምሩ፣ አየር ስጡት። ብርሃኑ ጽሑፍ የሚያስነብብ ያህል ይብቃ፤ ቀጥተኛ ፀሐይ ያደርቀዋል። የአየሩ እርጥበት ከ80 እስከ 90 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። በክረምት ይህ በራሱ ይገኛል። በበጋ ግን ባልዲውን ጓሮ ጥላ ሥር አስቀምጣችሁ በዙሪያው ንጹሕ እርጥብ ጆንያ ስቀሉ፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜም በደቃቅ መርጫ አካባቢውን አርጥቡ። በቡቃያው ላይ ውሃ ማፍሰስ ያበሰብሰዋል። ሙቀቱ ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ሲሆን ለብዙዎቹ የኦይስተር ዓይነቶች ይስማማል። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት አገር ያለ ሰው ግን ሙቀት የሚችል ዓይነት ለይቶ ይጠይቅ።

በቀዳዳዎቹ ላይ የክብሪት ራስ የሚያክሉ ቡቃያዎች ብቅ ካሉ በኋላ ዕድገቱ ፈጣን ነው፤ ከአራት እስከ ሰባት ቀን ይደርሳል። የሚለቀመው የቆቡ ጠርዝ ገና ወደ ታች እንደታጠፈ ነው። ጠርዙ ተዘርግቶ ወደ ላይ ሲገለበጥ ስፖር የሚባል ነጭ ብናኝ ይረጫል፤ ጣዕሙም ይቀንሳል። ብናኙን አዘውትሮ በተዘጋ ክፍል መተንፈስ ሳልና የትንፋሽ ችግር ስለሚያመጣ እንጉዳይ መኝታ ቤት ውስጥ አይለማም። ሙሉውን ዘለላ ይዛችሁ ጠምዘዝ አድርጋችሁ ንቀሉት፤ የቀረ ጉቶ ይበሰብሳል። ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ያፈራል፤ ሦስተኛው ዙር አነስ ይላል። ከ2 ኪሎ ደረቅ ጭድ በጠቅላላው ከ1 እስከ 2 ኪሎ ትኩስ እንጉዳይ ከተገኘ ደስ ይበላችሁ።

አረንጓዴ ሻጋታ ቢታይ ባልዲውን ከሌሎቹ አርቁ፤ ከተስፋፋ ውጭ አውጥታችሁ ቅበሩት። ለጥቃቅን ዝንቦች በመስኮቱ ላይ ደቃቅ መረብ መወጠር ከመድኃኒት ይሻላል። የምትበሉትን ነገር መርዝ አትርጩበት።

ስለ መርዝ ካነሳን፣ በዝናብ ወራት በየሜዳው የሚበቅለውን የጅብ ጥላ ዘሩን ከገዛችሁት ጋር አታምታቱ። ገዳይ የሆኑት የዱር እንጉዳዮች መርዝ በመቀቀልም በማድረቅም አይጠፋም፤ ሕመሙ የሚጀምረውም ከሰዓታት በኋላ ነው። በባልዲያችሁ ውስጥ እንኳ ከቀሪዎቹ የተለየ፣ ቀጭንና ጠቆር ያለ ነገር ከበቀለ ነቅላችሁ ጣሉት።

ኦይስተርም ቢሆን በጥሬው አይበላም። በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ የተጠበሰ እንደሆነ ለጾም ማዕድ የሚሰጠው ጣዕም ትልቅ ነው። አንዳንዶች ሥጋን ይተካል ይላሉ፤ እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይሻላል። ትኩስ እንጉዳይ 90 በመቶው ውሃ ነው፤ 100 ግራሙ 3 ግራም ያህል ፕሮቲን ብቻ አለው። ምስሩንና ሽሮውን ያጅባል እንጂ አይተካም። ተቆራርጦ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ግን ቫይታሚን ዲ ያዳብራል፤ ደርቆም በተከደነ ዕቃ ለወራት ይቀመጣል።

ፍሬው ያለቀበት ጭድ ለስልሶ፣ ጠቁሮና ቀሎ ታገኙታላችሁ። ከባልዲው ገልብጣችሁ ከጎመኑና ከቆስጣው ሥር አልብሱት፤ የአፈሩን እርጥበት ይይዛል፣ ቀስ እያለም ማዳበሪያ ይሆናል። ክረምት ላይ ጥላ ባለበት መደብ ውስጥ ከቀበራችሁት ደግሞ አንዳንዴ ከአፈሩ ላይ አንድ ዘለላ ተጨማሪ እንጉዳይ ያወጣል፤ ከምንም ጋር የማይምታታ፣ ያው የምታውቁት ኦይስተር መሆኑን ካረጋገጣችሁ ልቀሙት።